የተበሳው ጋሎን

ጋሽ ለማ ሞተ።

የሰማሁት እዚሁ ኩዌት፣ ፊንጣስ፣ የሕንጻችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ አሁን ቤቷ የምሠራላትን የማዳምን መኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ከፍቼ ባዶ የሞተር ዘይት ጋሎን ሳወጣ ነው። ማዳም ያን ቀን ጠዋት መኪናዋን ሰርቪስ አስደርጋ መጥታለች። ስትሄድ «ባዶውን ጋሎን ስጡኝ በያቸው፣ አደራ» ብያት ነበር። እንደ ሁልጊዜዋ «ኢንቲ መጅኑና» ብላ ሳቀችብኝ፤ እብድ ነሽ ማለቷ ነው። ግን አምጥታዋለች። አንስቼ ጀርባውን ማንበብ ስጀምር ስልኬ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«ትዕግስት ነሽ? ኩዌት ወካላ ከአባቴ ጋር የሠራሽው? የጋሽ ለማ ልጅ ነኝ፤ ሕይወት እባላለሁ» አለችኝ አንዲት ልጅ። ድምፅዋ ሻክሯል። የቀረውን ሳትናገረው አወቅሁት።

ሰው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እኔ ግን ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ጋሎኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ በመኪኖቹ መሃል ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ልጅቷን «እግዜር ያጥናሽ፣ መልሼ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁባት። እስቲ አሁን ይሄ ወግ ነው? አባቷ የሞተባት ልጅ ላይ ስልክ ይዘጋል? ግን መዝጋት ነበረብኝ። ከደወልኩላት የምነግራት ነገር አለ፤ ስንት ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ። ጋሽ ለማ ከኩዌት በወጣበት ነገር ውስጥ የኔም እጅ አለበት።

ወካላ የምንለው መኪናውን ከፋብሪካ አስመጥቶ የሚሸጠውን፣ ሰርቪሱንም የሚሠራውን ድርጅት ነው። የኛው ሹወይክ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እኔ በጽዳት ኩባንያ ቪዛ ገብቼ ለሚጠብቁ ደንበኞች ሻይ አቀርባለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ኮሮና ሲመጣ ወንበሮቹ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ታሰረባቸው፣ ሻይ ተከለከለ፣ እኔንም «ወርክሾፕ ግቢና አጽጂ» አሉኝ። የዘይት ወለል ማጽዳት ማለት ኃጢአት ማጽዳት ነው፤ ጠርገሽው ዞር ስትዪ እዚያው ነው። ያን ሰሞን ነው ከጋሽ ለማ ጋር የተዋወቅነው።

አጭር፣ ደረቅ ያለ የአዳማ ሰው ነበር። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። መነጽሩን በጫማ ማሰሪያ አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። መጀመሪያ «እርስዎ» ብለው፣ «እርስዎ ሙዲሩ ነው፤ እኔን አንተ በይኝ» አለኝ። ሙዲር አለቃችን ነው። ስሜን ስነግረው ደግሞ ማስኩን አስተካክሎ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንቺን ነው ትዕግስት ያሉሽ? ከገባሽ ጀምሮ አንድ ቦታ ስትቆሚ አላየሁሽም። አባትሽ ተሳስተዋል» አለ። ሌላ ሰው ቢለኝ መልሱን አላጣም ነበር። እሱ ሲለኝ ሳቅሁ።

ሥራው አንድ ነው፤ ዘይት መቀየር። ጋሎን ባነሳ ቁጥር፣ በቀን ሃያ ጊዜም ቢሆን፣ መነጽሩን አድርጎ ጀርባውን ያነባል። ልጆቹ «ጋሽ ለማ፣ ትናንት ያነበብከው አይደል እንዴ?» ሲሉት «ትናንት የተነበበው ትናንት ተቀዳ» ይላል። ቀድቶ ሲጨርስ ጋሎኑን ዘቅዝቆ የመጨረሻዋን ጠብታ ይጠብቃል። እኔ እንደሆን እንኳን ጠብታ አውቶብስም አልጠብቅም፤ እሱን ሳየው ይጨንቀኝ ነበር። ከዚያ ካቻቢቴውን ከኪሱ ያወጣና የጋሎኑን ሆድ ቸክ! አድርጎ ይበሳዋል። «በቃህ፤ ዕረፍ» ይለዋል፣ ሰው እንደሚያናግር። የተበሳውን ጋሎን ፌስታል ውስጥ ከቶ፣ አሮጌውን ፊልትሮ ጨምሮ፣ የደንበኛው መኪና ኋላ ያስቀምጥለታል።

ደንበኛው ይቆጣል እኮ! «ቆሻሻችሁን ለእኔ?» የሚለው ብዙ ነው። ጋሽ ለማ «ቆሻሻ አይደለም፣ ደረሰኝ ነው» ይላቸዋል በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው።

እኔም አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ምን ክፉ ነገር ቢሠራህ ነው ይሄን ጋሎን የምትወጋው?» አልኩት።

«ያልተበሳ ጋሎን ገበያ ይወጣል» አለኝ። «ገበያ ወጥቶ የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ ይሞላበታል። አዳማ ጋራዥ እያለኝ ስሙ የታወቀ ጋሎን ገዝቼ ለጓደኛዬ ሚኒባስ ቀዳሁለት። ሳምንት አልሞላውም፣ ሞተሩ ነከሰ። በዚያች ሚኒባስ ስድስት ልጅ ነው የሚያበላው። ማን አታለለህ አላለኝም፤ አንተ ገደልከኝ ነው ያለኝ።»

«አንተ በምን ታውቃለህ ታዲያ?»

«ሳላውቅ መቅዳቴ ነው ጥፋቴ» አለና ቀጣዩን መኪና አስገባ።

ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወካላ ውስጥ የሚደረገው ዘይት ፋብሪካው ያዘዘው ነው ወይስ ያገኙትን ነው የሚሞሉት? ሪቃይ የሚባለው ሰፈር፣ እሱ በሚኖርበት ቤት ያሉት ሾፌሮች በሰላም አያስበሉትም ነበር። «ጋሽ ለማ፣ ወካላው ታማኝ ነው?» ሲሉት «የትኛው ቀን?» ይላቸዋል። «በር ላይ የተጻፈው ስም ሞተር ውስጥ አይገባም። የመኪናህ መጽሐፍ ዜሮ ሃያ የሚባለውን ቀጭን ዘይት ካለ፣ ጋሎኑ ላይ ያንኑ ፈልግ፣ ከነደረጃው። ካገኘህ እደር። ካላገኘህ ጠይቅ።» ወካላውን ግን አያማም። አሥራ አንድ ዓመት ልክ የሆነ ዘይት ሲቀዳ ኖሯል፣ ይመሰክርላቸዋል። እንዲያውም አንድ ደንበኛ «ርካሽ ዘይት አድርጋችሁብኝ ሞተሬ ይጮሃል» ብሎ ወርክሾፑን ሲያናውጠው፣ ጋሽ ለማ የሰውየውን የራሱን መኪና ኋላ ከፈተ። ከባሕር ዳርቻ ምንጣፍ ሥር ከሦስት ወር በፊት ያስቀመጠለትን የተበሳ ጋሎን አወጣ። ቁጥሩን አነበበለት። የሚጮኸው ማራገቢያው ሆኖ ተገኘ። ሙዲሩ ያን ቀን የጋሽ ለማን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ሰው የወካላው ምስክር ነው» አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰዓት እላፊው ሲላላ ወራት የቆሙ መኪኖች በአንድ ጊዜ ጎረፉ። ዘይቱን የሚያመጣው መርከብ ደግሞ ዘገየ ተባለ፤ የዜሮ ሃያው ጋሎን መጋዘን ውስጥ እየመነመነ ሄደ። አንድ ጠዋት የዘይት በርሜሎች ገቡ። ሙዲሩ ጠራኝና «ባዶዎቹን ጋሎኖች ሰብስቢ። ውጫቸውን አጥበሽ፣ ወረቀቱ ሳይላጥ፣ መጋዘን አስገቢ» አለኝ። ጋሽ ለማን ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ መብሳት የለም» ብሎታል።

እኔ ምን አውቄ! ደስ ብሎኝ ነው ያጠብኩት። ከወለል ይሻላላ! ወረቀቱ እንዳይላጥ በስፖንጅ ቀስ አድርጌ፣ አድርቄ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ ደርድሬ። አራተኛው ቀን ላይ ጋሽ ለማ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ማን ነው እጠቢ ያለሽ?»

«ሙዲሩ።»

«ምን ሊያደርግበት ነው አላልሽም?»

«እኔ ጽዳት ነኝ፣ ጋሽ ለማ!» አልኩት በቁጣ። ገብቶኝ ነበር እኮ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ሲገባው ነው የሚቆጣው።

ካጠብኳቸው ጋሎኖች አንዱን፣ ከበርሜሉ ዘይት የተሞላበትን፣ በእጁ ይዞ ነበር። ጣቱን ነክሮ ማስኩን ገለጥ አድርጎ አሸተተ፣ በአውራ ጣቱ አሸው። «በዚህ ሙቀት ሁሉም ዘይት ውሃ ነው፣ አይለይም» አለና ወደ ሻይ ክፍሌ አየ። «የፍሪጁ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሰጠሁት። አንዱ ላይ ካልተከፈተ ካርቶን የወጣ እውነተኛ ዜሮ ሃያ፣ ሌላው ላይ የዚያን ጋሎን ዘይት ቀዳ። ሙዲሩ ለጁሱ በረዶ የሚያስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠዋት ከተትናቸው። የምሳ ሰዓት እስኪደርስ እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁ፣ ሦስቴም «ዝጊው አንቺ ልጅ፣ ይሞቃል!» ብሎ ተቆጣኝ። ምሳ ላይ አውጥቶ ሁለቱን እኩል አዘነበላቸው። አንደኛው ወዲያው ፈሰሰ። ሁለተኛው እንደ ማር ተንቀርፍፎ ቀረ።

«ሃያ ሃምሳ ነው» አለ ጋሽ ለማ። «ለአሮጌ ፒክአፕ የሚሆን ዘይት። በርሜል በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ በርሜሉ ላይ ያለውን ስም ደብቆ በሌላ ልብስ ማምጣት ነው ኃጢአቱ።» ልብሱን ያጠብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን አላለኝም፤ እኔው ነኝ ያልኩት፣ በልቤ።

አሁን እዚህ ላይ የጋሽ ለማን ነገር ልንገራችሁ። ልጁ ሕይወት ነርሲንግ ትማራለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ሊጀምር ነው። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ሊያልቅ ወራት ቀርተውታል። ያን ሰሞን ደግሞ ስልሳ የሞላውና ዲግሪ የሌለው አይታደስለትም የሚባል ነገር መጥቶ አዛውንቱን ሁሉ እንቅልፍ ነስቷል። ሙዲሩ «አንተን የመሰለ ሠራተኛ አልለቅም፤ ወረቀትህን እኔ ራሴ አሯሩጥልሃለሁ» ብሎት ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ነው የፈለገው። «አንድ ዓመት፣ ልጄ እስክትጨርስ» ይል ነበር፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ።

እያንዳንዱ መኪና የሥራ ካርድ አለው። «ፋብሪካው ያዘዘው ዘይት ተደርጓል» የሚል መስመር አለበት፤ ከሥሩ የሠራው ሰው ይፈርማል። ከፍሪጁ ቀን በኋላ ጋሽ ለማ መስመሩን መሰረዝ ጀመረ። ከጎኑ በእጁ «20-50፣ ከበርሜል» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ይፈርማል። ደንበኛ እንደሆነ ካርድ አያነብም፤ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። ሙዲሩ ግን አየ። እኔ ቢሮው በር ላይ እየወለወልኩ ነበር።

«ለማ፣ ካርዱን ዝም ብለህ ፈርም። መርከቡ እስኪመጣ ነው። እኔም ያንተን ወረቀት እፈርማለሁ።»

«የሆነውን ዘይት በስሙ ጻፉና ለደንበኛው ንገሩት» አለው ጋሽ ለማ። «የፈለገ ይሞላል፣ ያልፈለገ ይጠብቃል። እኔም እፈርማለሁ።»

«ኻላስ፣ በቃ፣ ውጣ።»

ሲወጣ ባልዲዬን ሊረግጥ ምንም አልቀረውም። «ጋሽ ለማ፣ ኧረ በማርያም፣ አንድ ዓመት እኮ ነው! ፈርምላቸው!» አልኩት። ቆም ብሎ «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ያልተፈረመበት ሚኒባስ ነው የገደልኩት፤ እንግዲህ ደግሞ ፈርሜ ልግደል?» አለኝ። ተናደድኩበት። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ደግ ሰው እኮ አብሮት ያለውን ያስጨንቃል።

በሳምንቱ ካርድ የምታነብ ሰው መጣች። ወጣት የኩዌት ዶክተር ነች፤ ከሆስፒታል ተረኛነት ስትወጣ በዚያው የመጣች፣ ማስኩ ፊቷ ላይ መስመር ያወጣባት። መኪናዋ አዲስ ነው። ቆማ አነበበችውና «ሺኑ ሃዛ?» አለች፤ ይሄ ምንድን ነው? ሙዲሩ እየሳቀ መጣ። የጽሑፍ ስህተት ነው፣ ሽማግሌው ደክሞታል፣ ዘይቱ ከጋሎኑ ነው የተቀዳው አላት። እሷ አልተዋጠላትም። ሙዲሩ ዞር ዞር ሲል እኔን አየ።

«እሷ እዚሁ ነበረች። ትዕግስት፣ ከምን ሲቀዳ አየሽ?»

የኔም ኢቃማ በነሱ እጅ ነው። አገሬ ደግሞ እናቴና ሁለት ወንድሞቼ። መጥረጊያዬን ጨብጬ «ከጋሎን» አልኩ። ውሸት አይደለማ! ከጋሎን ነው የተቀዳው። ራሴ ካጠብኩት ጋሎን።

ጋሽ ለማ አየኝ። አንድ ቃል ብቻ ቢጨምር፣ «ማን እንዳጠበው ጠይቂያት» ቢል፣ አለቀልኝ። እኔም አልፈርድበትም ነበር።

«ልጅቷ ያየችውን ተናግራለች» አለ ለዶክተሯ። «ከጋሎን ነው የተቀዳው። ጋሎኑ ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ ካርዱ ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ልክ ነው።»

ዶክተሯ ካርዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይሄ ዘይት ወጥቶ፣ ያዘዘው ይግባ። እሱ ራሱ ይሥራው፤ እኔም ቆሜ አያለሁ» አለች። ሙዲሩ ካልተከፈቱት ካርቶኖች አንዱን አስመጣ። ጋሽ ለማ መነጽሩን አድርጎ ጀርባውን አነበበ። ቀዳ። የመጨረሻዋን ጠብታ ጠበቀ። ወርክሾፑ ሁሉ ሥራ ትቶ ያያል። ከዚያ ካቻቢቴውን አወጣና ቸክ! «በቃህ፤ ዕረፍ።» ፌስታል ውስጥ ከትቶ መኪናዋ ኋላ አስቀመጠላት። እዚያ ወካላ የሠራው የመጨረሻው መኪና ነው።

ኢቃማው አልታደሰም። የአውሮፕላን በረራ ሲከፈት ወደ አገሩ ሸኙት። እኔስ? እኔ ጋሎን ማጠቤን ቀጠልኩ፣ መርከቡ እስኪመጣ። ይህንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሊሰናበት በመጣ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆልፌ ወለል እፈትግ ጀመር። በሩን አንኳኳ። «ትዕግስት! ልጄ፣ ደህና ሁኚ እንግዲህ።» መፈተጌን ቀጠልኩ። «ያ ወለል ጸድቷል፣ በቃው፤ ራስሽን አታድክሚ» አለኝ። እግሩ ሲርቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ስንቴ ልደውልለት ቁጥሩን አውጥቼ ተውኩት። ነገ፣ ነገ ስል ይኸው ሞተ።

እንግዲህ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ስዞር፣ የሕንጻው ጥበቃ «እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» እስኪለኝ ድረስ ስዞር ቆይቼ፣ ደወልኩላት።

«ሕይወት፣ ቅድም ስለዘጋሁብሽ ይቅርታ። አባትሽ እንዴት እንደወጣ የምነግርሽ አለኝ።»

«ነግሮናል እኮ! አንቺን ሲያመሰግን ነው የኖረው። ዘይቱን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠችልኝ እሷ ነች፣ ያለሷ እርግጠኛ አልሆንም ነበር ይል ነበር።»

«የለም፣ ስሚኝ! ጋሎኖቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ። እሱ ቆሞ እያየኝ።»

የለቅሶ ቤቱ ጫጫታ ከኋላዋ ይሰማኛል።

«እሱንም ነግሮናል» አለች። «ፈርታ ነው፣ እኔም በሷ ዕድሜ ብሆን እፈራ ነበር አለ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ። አዎ፣ ቁጭ ብዬ። ስረጋጋ «ትምህርትሽስ?» አልኳት፤ የምፈራው ጥያቄ እሱ ነበር።

«ሁለት ዓመት አቋርጬ ጨረስኩ። አሁን እሠራለሁ። እሱ እስኪያይ ደርሷል።» ከዚያ ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። «ታውቂያለሽ፣ ከመጣ ጀምሮ ቤት ውስጥ አንድ ጤነኛ ጀሪካን የለንም። የምግብ ዘይት ባለቀ ቁጥር ይበሳዋል! እናቴ ውኃ የምንቀዳበት አጣን እያለች ስትጨቃጨቀው ነው የኖረችው። ባዶውን ስንት ጊዜ ደብቃበታለች፣ ፈልጎ ያገኘዋል።»

«አሁን እንግዲህ ጀሪካን አገኘች» አልኩ። እንዴት ያለ ነገር ነው ያልኩት! አፌን ያዝኩ።

«ትናንት ለለቅሶተኛው ወጥ ሲሠራ ዘይቱ አለቀ» አለች ሕይወት። «እናቴ ባዶውን ጀሪካን አጥባ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ውኃ ልቅዳበት ብዬ እጄን ስዘረጋ ከለከለችኝ። ከዚያ ካቻቢቴውን አምጪልኝ አለችና ራሷ በሳችው።»

«ምን አለች?»

«በቃህ፤ ዕረፍ አለችው።»